«አለኝ»ን በእንግሊዝኛ፦ ሃቭ፣ ሃዝ እና ሃድን በዐረፍተ ነገር ውስጥ በትክክል የመጠቀም መመሪያ

እንግሊዝኛ የሚማሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ሂ ሃቭ ነው ወይስ ሂ ሃዝ? ሂ ሃዝ ትክክል ከሆነስ ሂ ደዝንት ሃዝ ለምን ስሕተት ይባላል?» ጥያቄው ከጀማሪዎች ብቻ አይመጣም። ለዓመታት የተማሩ፣ እንግሊዝኛ አንብበው የሚረዱ፣ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎችም እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። ችግሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። አማርኛ «አለኝ»ን የሚያዋቅርበት መንገድ ከእንግሊዝኛው ጋር ፊትና ኋላ ስለሆነ፣ ልዩነቱን አንድ ጊዜ በግልጽ ያላየ ሰው በልማድ ብቻ አያስተካክለውም። ስለዚህ መልሱን ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሬ በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮቹን በድምፃቸው በእኛ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፤ ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጧቸው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። ሃቭ የሚጻፈው በኤች፣ ኤ፣ ቪ፣ ኢ ነው፤ ሃዝ በኤች፣ ኤ፣ ኤስ፤ ሃድ ደግሞ በኤች፣ ኤ፣ ዲ። ሃዝ መጨረሻው ላይ የኤስ ፊደል ቢኖረውም ሲነበብ የሚሰማው «ዝ» ነው፤ «ሃስ» አትበሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• አንድ ደብተር
• ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች፤ አንዱ ባለንብረቱን፣ ሌላው ንብረቱን ለማስመር
• ከወረቀት የተቆረጡ ትናንሽ ካርዶች
• ድምፅ የሚቀዳ ስልክ
• በቀን 20 ደቂቃ ያህል ጊዜ

ካርዶቹን በሁለት ክምር አዘጋጁ። በአንዱ ክምር ላይ ባለንብረቶችን ጻፉ፦ አይ፣ ዩ፣ ሂ፣ ሺ፣ ኢት፣ ዊ፣ ዜይ፣ ማይ ብራዘር፣ ማይ ፍሬንድስ። በሌላው ላይ ነገሮችን ጻፉ፦ ኤ ቡክ፣ ቱ ቡክስ፣ ኤ ሲስተር፣ መኒ፣ ታይም፣ ዘ ኪይ። ከየክምሩ አንዳንድ ካርድ እያወጣችሁ ዐረፍተ ነገር ትሠራላችሁ። የካርዱ ጥቅም የሚመጣላችሁን ነገር አለመምረጣችሁ ነው። ሰው ራሱ ሲመርጥ የሚያውቀውን «አይ ሃቭ ኤ ቡክ» ብቻ እየደጋገመ ይቆያል፤ የሚከብደው ሳይነካ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ባለንብረቱን ፈልጋችሁ ከፊት አስቀምጡ

«መጽሐፍ አለኝ» ስንል ባለንብረቱ ራሱን በቻለ ቃል አይታይም፤ ከግሱ መጨረሻ ላይ «ኝ» ሆኖ ተለጥፏል። እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድም። ባለንብረቱ በራሱ ቃል መነገር አለበት፤ ቦታውም ከግሱ በፊት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአማርኛውን ግስ መጨረሻ እዩ፦

አለኝ፦ አይ
አለህ፣ አለሽ፣ አለዎት፣ አላችሁ፦ ዩ
አለው፦ ሂ፤ ለዕቃ ወይም ለእንስሳ ከሆነ ኢት
አላት፦ ሺ፤ ለዕቃ ወይም ለእንስሳ ከሆነ ኢት
አለን፦ ዊ
አላቸው፦ ዜይ፤ ለአንድ ሰው ክብር የተነገረ ከሆነ ግን ሂ ወይም ሺ

ለምን ያስፈልጋል? ባለንብረቱን ትታችሁ «ሃቭ ኤ ቡክ» ብቻ ካላችሁ ሰሚው «መጽሐፍ ውሰድ» ብላችሁ የጋበዛችሁት ይመስለዋል። ያላችሁን ነገር ልትነግሩት ፈልጋችሁ ስጦታ አቀረባችሁለት ማለት ነው።

ጥንቃቄ፦ የዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር ብዙ ሰው የሚስትበት ነው። እኛ ታላላቆቻችንን ስናከብር «አባቴ መኪና አላቸው» እንላለን፤ ግሱ የብዙ ቅርጽ ይይዛል። እንግሊዝኛ ግን ክብርን በግስ አይገልጽም። አባት አንድ ሰው ስለሆኑ «ማይ ፋዘር ሃዝ ኤ ካር» ነው። «ማይ ፋዘር ሃቭ» ማለት አክብሮት አይጨምርም፤ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ነው። በተቃራኒው፣ ከፊታችሁ ያለውን ሰው «እርስዎ» ብትሉትም «አንተ» ብትሉትም በእንግሊዝኛ አንድ ዩ ብቻ ነው ያለው።

ደረጃ 2፦ ሃቭ ወይም ሃዝ መሆኑን ወስኑ

የዚህ ጽሑፍ ልብ ይህ ደረጃ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

እነዚህን ሦስት የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች ተመልከቱ፦ «ወንድም አለኝ»፣ «እህት አለችኝ»፣ «ወንድሞች አሉኝ»። ባለንብረቱ በሦስቱም ውስጥ አንድ ሰው ነው፤ እኔ ነኝ። ግሱ ግን አለ፣ አለች፣ አሉ እያለ ተለዋወጠ። የለወጠው ምንድን ነው? ያለኝ ነገር ነው። የአማርኛው ግስ ዓይኑን የሚጥለው በንብረቱ ላይ ነው።

የእንግሊዝኛው ግስ የሚያየው ባለንብረቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ግስ ይነገራሉ፦ «አይ ሃቭ ኤ ብራዘር»፣ «አይ ሃቭ ኤ ሲስተር»፣ «አይ ሃቭ ብራዘርስ»። ንብረቱ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን መቶ፣ ሃቭ አይነቃነቅም።

ይህን ስታዩ ሁለቱ የተለመዱ ስሕተቶች ከየት እንደሚመጡ ይገባችኋል። «አይ ሃዝ ኤ ቡክ» የሚል ሰው መጽሐፉ አንድ መሆኑን አይቶ ነው። «ሂ ሃቭ ቱ ቡክስ» የሚል ደግሞ መጻሕፍቱ ሁለት መሆናቸውን አይቶ ነው። ሁለቱም በአማርኛ ሕግ እንግሊዝኛ እየተናገሩ ነው።

ደንቡ አጭር ነው፦

አይ፣ ዩ፣ ዊ፣ ዜይ እና ማንኛውም ከአንድ በላይ የሆነ ባለንብረት፦ ሃቭ
ሂ፣ ሺ፣ ኢት እና ማንኛውም ሌላ አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር፦ ሃዝ

አሁን ሁለቱን እስክሪብቶዎች አንሡ። «ማይ ብራዘር ሃዝ ቱ ካርስ» ብላችሁ ጻፉ። ማይ ብራዘርን በአንዱ ቀለም፣ ቱ ካርስን በሌላው አስምሩ። ከዚያ ከማይ ብራዘር ወደ ሃዝ ቀስት ሳሉ። ከቱ ካርስ ወደ ሃዝ የሚሄድ ቀስት የለም። በዚህ መንገድ አንድ ገጽ ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን ሥሩ፤ የእጃችሁ እንቅስቃሴ ዓይናችሁን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመልሰዋል።

ጥቂት አሳሳች ባለንብረቶችም አሉ፦

«ማይ ብራዘር ኤንድ አይ ሃቭ ኤ ካር»፦ ወንድሜና እኔ ሁለት ስለሆንን ሃቭ።
«ኤቭሪባዲ ሃዝ ኤ ፎን»፦ «ሁሉም ሰው» ብዙ ሰው ቢመስልም እንግሊዝኛ እንደ አንድ ይቆጥረዋል።
«ፒፕል ሃቭ ክዌስችንስ»፦ ፒፕል መጨረሻው ላይ የብዙ ምልክት ባይኖረውም ብዙ ነው።
«ዋን ኦቭ ማይ ፍሬንድስ ሃዝ ኤ ካር»፦ ከጓደኞቼ አንዱ ነው መኪና ያለው። ከግሱ ጋር የተጠጋው ፍሬንድስ ብዙ ስለሆነ ብዙዎች ሃቭ ይላሉ፤ ባለመኪናው ግን አንዱ ነው።

ደረጃ 3፦ ንብረቱን ከግሱ በኋላ አስቀምጡ፤ መለያውን አትርሱ

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ መካከል ላይ። ቅደም ተከተሉ ባለንብረት፣ ግስ፣ ንብረት ነው። ይህን ብዙ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። ሳይታወቅ የሚቀረው ከንብረቱ በፊት የምትገባው ትንሿ ቃል ናት። «መኪና አለኝ» ስንል ከመኪና በፊት ምንም አንጨምርም፤ «አይ ሃቭ ካር» ግን ለእንግሊዝኛ ሰሚ ጎደሎ ነው። አንድ ተብሎ የሚቆጠር ነገር ከሆነ ከፊቱ ኤ ወይም አን፣ ወይም የታወቀ ነገር ከሆነ ዘ፣ ወይም ደግሞ ማይ፣ ዩር፣ ዚስ የመሳሰሉት ይገባሉ፦ «አይ ሃቭ ኤ ካር»፣ «አይ ሃቭ ዘ ኪይ»፣ «አይ ሃቭ ዩር ቡክ»።

አንድ፣ ሁለት ተብሎ የማይቆጠር ነገር ከሆነ ኤ አይገባም፦ «አይ ሃቭ መኒ»፣ «ሺ ሃዝ ታይም»። «ኤ መኒ» አይባልም።

ደረጃ 4፦ «የለኝም» ስትሉ ዱን ጥሩ

«አለኝ»ን ወደ «የለኝም» ስንለውጥ ግሱ ራሱ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ ሃቭ ራሱ አይነካም፤ ከፊቱ ዱ የሚባል ረዳት ግስ ይገባል፦

«አይ ዶንት ሃቭ ኤ ካር»፦ መኪና የለኝም።
«ሺ ደዝንት ሃቭ ኤ ካር»፦ መኪና የላትም።

በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ባለንብረቷ ሺ ናት፤ ታዲያ ሃዝ የት ገባ? መጀመሪያ ያነሣሁት ጥያቄ መልስ እዚህ ነው። ሃዝ ላይ ያለው የ«ዝ» ድምፅ ባለንብረቱ ሂ፣ ሺ ወይም ኢት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው። ረዳቱ ሲመጣ ምልክቱን እርሱ ይወስደዋል፤ ዱ የነበረው ደዝ ይሆናል። አንድ ምልክት ሁለት ቦታ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሃዝ ወደ መነሻው ወደ ሃቭ ይመለሳል። «ደዝንት ሃዝ» ስሕተት የሆነው ምልክቱ ሁለት ጊዜ ስለተነገረ ነው። ይህን ምክንያት የያዘ ሰው ጥያቄ ሲሠራም ሆነ ስላለፈ ጊዜ ሲናገር አይሳሳትም፤ በሁለቱም ቦታ የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው።

ጥንቃቄ፦ አማርኛ «ምንም የለኝም» ይላል፤ «ምንም» አለ፣ አሉታውም አለ። ይህን ቃል በቃል ወስዶ «አይ ዶንት ሃቭ ናሲንግ» ማለት በመደበኛ እንግሊዝኛ ስሕተት ነው፤ ናሲንግ ራሱ አሉታ ስለያዘ ሁለተኛ አሉታ አይችልም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፦ «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒሲንግ» ወይም «አይ ሃቭ ናሲንግ»። በተመሳሳይ መንገድ «ምንም ገንዘብ የለኝም» ለማለት «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ መኒ» በሉ።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውን ከረዳቱ ጀምሩ

በአማርኛ «እስክሪብቶ አለህ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ድምፃችንን ከፍ አድርገን ስንጨርስ ጥያቄ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ረዳቱን መጀመሪያ ላይ አምጡት፦

«ዱ ዩ ሃቭ ኤ ፔን?»
«ደዝ ሺ ሃቭ ኤ ፔን?»

ደዝ ምልክቱን ስለወሰደ እዚህም ሃዝ የለም።

የጥያቄ ቃል ሲኖር ከረዳቱ በፊት ይገባል፦ «ሃው ሜኒ ብራዘርስ ዱ ዩ ሃቭ?»፣ «ዋት ደዝ ሂ ሃቭ?»። አንድ ለየት የሚል ጥያቄ አለ፤ ባለንብረቱን ራሱን የምንጠይቅበት። «ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?» ለማለት «ሁ ሃዝ ዘ ኪይ?» እንላለን፤ ረዳት አያስፈልገውም። ሁ የባለንብረቱን ቦታ ስለያዘ ቅደም ተከተሉ ሳይፈርስ ባለንብረት፣ ግስ፣ ንብረት ሆኖ ይቆያል።

አጭር መልስ ስትሰጡ የምትደግሙት ረዳቱን እንጂ ሃቭን አይደለም፦ «ዱ ዩ ሃቭ ኤ ፔን?» ሲባል «የስ፣ አይ ዱ» ወይም «ኖ፣ አይ ዶንት»። «የስ፣ አይ ሃቭ» ብሎ መጨረስ ከጥያቄው ጋር አይገጥምም።

ጥንቃቄ፦ በአሉታ ስትጠየቁ የአማርኛ ልማዳችሁ ትርጉሙን ሊገለብጠው ይችላል። «እስክሪብቶ የለህም?» ሲባል እኛ «አዎ፣ የለኝም» እንላለን፤ ከጠያቂው አባባል ጋር ተስማማን ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዶንት ዩ ሃቭ ኤ ፔን?» ሲባል የሚታየው የጠያቂው አነጋገር አይደለም፤ እስክሪብቶው መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው። ካለ «የስ፣ አይ ዱ»፤ ከሌለ «ኖ፣ አይ ዶንት»። «የስ» ብላችሁ ብቻ ዝም ካላችሁ ሰውየው እስክሪብቶውን ሊቀበል እጁን ይዘረጋል።

ደረጃ 6፦ ጊዜውን ለዩ

ላለፈ ጊዜ ሥራው ይቀልላል። ሃድ ለሁሉም ባለንብረት አንድ ነው፦ «አይ ሃድ ኤ ካር»፣ «ሺ ሃድ ኤ ካር»፣ «ዜይ ሃድ ኤ ካር»። አሉታና ጥያቄ ሲሆን ረዳቱ ዲድ ነው፤ ያለፈ ጊዜነቱንም የሚሸከመው እርሱ ነው፦ «አይ ዲድንት ሃቭ ኤ ካር»፣ «ዲድ ሺ ሃቭ ኤ ካር?»። «ዲድንት ሃድ» እንደ «ደዝንት ሃዝ» ሁሉ ምልክቱን ሁለት ጊዜ መጥራት ነው።

«ነበረኝ» የሚለው ቃል ውስጥ «ነበረ» ስላለ ብዙ ተማሪዎች «አይ ዋዝ ሃቭ» ይላሉ። ዋዝ እዚህ ቦታ የለውም። «ነበረኝ» በአንድ ቃል ሃድ ነው።

ለወደፊት ጊዜ ዊል ሃቭ በሉ፦ «ሺ ዊል ሃቭ ታይም ቱሞሮ»፣ «ነገ ጊዜ ይኖራታል»። ከዊል በኋላ ግስ ሁልጊዜ በመነሻ ቅርጹ ስለሚቆም «ዊል ሃዝ» የሚባል ነገር የለም።

ደረጃ 7፦ መያዝን ስትናገሩ ሃቪንግን ተዉ

«አይ አም ሃቪንግ ኤ ካር» በጣም የሚሰማ ስሕተት ነው። መጨረሻው ላይ ኢንግ ያለው ቅርጽ በመከናወን ላይ ላለ ድርጊት ነው፤ ባለቤትነት ግን ድርጊት ሳይሆን ሁኔታ ነው። መኪና ያለው ሰው ተኝቶም መኪና አለው።

ሃቭ ድርጊትን ሲያመለክት ግን ሃቪንግ ትክክል ነው። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

«ዊ ሃቭ ኤ ሚቲንግ»፦ ስብሰባ አለን፤ ገና የሚደረግ ወይም ተይዞ የሚጠብቀን ሊሆን ይችላል።
«ዊ አር ሃቪንግ ኤ ሚቲንግ ናው»፦ አሁን ስብሰባ ላይ ነን።

መፈተኛው ቀላል ነው። በአማርኛ «እየ» ወይም «እያ» ብላችሁ መናገር ከቻላችሁ ሃቪንግ ሊሆን ይችላል፦ እየተሰበሰብን ነው። «መኪና እያለኝ ነው» ግን አይባልም፤ ሃቪንግም አይገባም።

ደረጃ 8፦ ሃቭ፣ ኦውን ወይስ ቢሎንግ ቱ?

ሦስቱም ስለ ባለቤትነት ይነገራሉ፤ ክብደታቸውና አቅጣጫቸው ግን ይለያያል።

ሃቭ ሰፊ ነው። የራሴ የሆነውንም በእጄ ያለውንም ይሸፍናል። «አይ ሃቭ ዩር ፔን» ስል እስክሪብቶው የእናንተ መሆኑን እየመሰከርኩ፣ አሁን ያለው ግን እኔ ጋ ነው ማለቴ ነው። ስለዚህ «ቁልፉን ይዘኸዋል?» ለሚለው «ዱ ዩ ሃቭ ዘ ኪይ?» ይበቃል፤ መያዝ የሚለውን ቃል ለብቻው መተርጎም አያስፈልግም። ኪሱ ውስጥ መኖሩን በተለይ መጠየቅ ከፈለጋችሁ «ኦን ዩ» ጨምሩ፦ «ዱ ዩ ሃቭ ኤኒ መኒ ኦን ዩ?»።

ኦውን ጠባብና ጥብቅ ነው፤ ንብረቱ በሕግ የራስ መሆኑን ያመለክታል። «ሺ ኦውንስ ዚስ ሃውስ» ሲባል ቤቱ የእርሷ ነው፤ ተከራይታ የምትኖርበት አይደለም። ለዘመድ፣ ለበሽታ፣ ለጊዜ፣ ለሐሳብ ኦውን አይባልም። «አይ ኦውን ኤ ብራዘር» ካላችሁ ወንድማችሁን እንደ ዕቃ ገዝታችሁታል ማለት ይሆናል።

ቢሎንግ ቱ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል፤ ንብረቱ ከፊት፣ ባለንብረቱ ከኋላ ይሆናል፦ «ዚስ ቡክ ቢሎንግዝ ቱ ሚ»፣ «ይህ መጽሐፍ የእኔ ነው»። እዚህ ላይ ግሱ የሚከተለው ከፊት ያለውን ንብረት ነው፤ መጻሕፍቱ ብዙ ከሆኑ «ዚዝ ቡክስ ቢሎንግ ቱ ሚ» ይሆናል። ሦስት ስሕተቶችን ተጠንቀቁ። «ኢዝ ቢሎንግ ቱ» አትበሉ፤ የአማርኛው «ነው» ኢዝን ይጎትተዋል፣ ግን ቢሎንግ ራሱ ግስ ነው። «ቢሎንግዝ ፎር ሚ» አትበሉ፤ መስተዋድዱ ቱ ብቻ ነው። «ቢሎንግዝ ቱ ማይን» አትበሉ፤ ወይ «ቢሎንግዝ ቱ ሚ» ወይ «ኢዝ ማይን» ነው፣ ሁለቱ አይደባለቁም።

ኦውንም ቢሎንግም ሁኔታን የሚገልጹ ስለሆኑ ኢንግ አይቀበሉም።

ደረጃ 9፦ የቤቱ ክፍሎች ወይስ ክፍሉ ውስጥ ያሉት?

«አለ» በአማርኛ ለባለቤትነትም ለመገኘትም ይሠራል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያቸዋል። «ቤቱ ሦስት ክፍሎች አሉት» ስንል ቤቱ እንደ ባለንብረት ቆሟል፦ «ዘ ሃውስ ሃዝ ስሪ ሩምስ»። «ክፍሉ ውስጥ ሦስት ወንበሮች አሉ» ስንል ግን ባለንብረት የለም፤ የምንናገረው ስለሚገኙበት ቦታ ነው፦ «ዜር አር ስሪ ቼርስ ኢን ዘ ሩም»። «ኢን ዘ ሩም ሃዝ ስሪ ቼርስ» አይባልም።

መለያው የአማርኛው ግስ መጨረሻ ነው። «አሉት»፣ «አላት»፣ «አለኝ» እያለ ባለንብረት ከተለጠፈበት ሃቭ ወይም ሃዝ ነው። ምንም ሳይለጠፍበት «አለ»፣ «አሉ» ካለ ዜር ኢዝ ወይም ዜር አር ነው።

ስለ ሰውነት ስሜትም አንድ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ረገድ አማርኛ መሪ ሊሆናችሁ አይችልም። «ራሴን አመመኝ» በእንግሊዝኛ በሃቭ ይነገራል፦ «አይ ሃቭ ኤ ሄዴክ»። «ራበኝ» ግን «አይ አም ሀንግሪ» ነው፤ «አይ ሃቭ ሀንግሪ» አይባልም። ዕድሜም እንዲሁ «አይ አም ትዌንቲ» ነው። የሕመሙ ስም ሲከተል ሃቭ፣ ስሜቱን የሚገልጽ ቅጽል ሲከተል አም፣ ኢዝ ወይም አር ብላችሁ ያዙት።

ሃቭ ሆነው ሃቭ ያልሆኑ

ሃቭን ባያችሁበት ሁሉ ባለቤትነት አትፈልጉ። ሁለት ሌሎች ሥራዎች አሉት።

አንደኛው ግዴታ ነው። ከሃቭ በኋላ ቱ እና ግስ ከመጣ «አለብኝ» ማለት ነው፦ «አይ ሃቭ ቱ ጎ»፣ «መሄድ አለብኝ»። በዚህ ጊዜ ድምፁም ይለወጣል፤ «ሃፍ ቱ» ተብሎ ይሰማል፣ ሃዝ ቱም «ሃስ ቱ» ይሆናል። ሲጻፍ ግን አይለወጥም።

ሁለተኛው ረዳት ግስ መሆን ነው፦ «አይ ሃቭ ሲን ዘ ቡክ»፣ «መጽሐፉን አይቼዋለሁ»። ረዳት የሆነው ሃቭ ሌላ ረዳት ስለማይፈልግ ጥያቄው «ሃቭ ዩ ሲን ዘ ቡክ?» ነው። ይህን የለመደ ተማሪ ለባለቤትነትም «ሃቭ ዩ ኤ ፔን?» ይላል። በቆዩ የእንግሊዝ መጻሕፍት ውስጥ ይህ አነጋገር አለና ብታገኙት አትደንግጡ፤ እናንተ ግን «ዱ ዩ ሃቭ» በሉ።

ሃቭ ጎት የሚለውም አለ፤ በተለይ እንግሊዞች በንግግር ይወዱታል። «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» ከ«አይ ሃቭ ኤ ካር» ጋር አንድ ነው። ጥያቄው «ሃቭ ዩ ጎት ኤ ካር?»፣ አሉታው «አይ ሃቨንት ጎት ኤ ካር»። ከሁለቱ አንዱን ይዛችሁ ዝለቁ፤ «ዱ ዩ ሃቭ ጎት» ብላችሁ አትቀላቅሏቸው። በደብዳቤና በማመልከቻ ላይ ጎት የሌለውን ጻፉ።

ጥንቃቄ፦ ጎት ሲኖር «ሂ ሃዝ ጎት ኤ ካር» አጥሮ «ሂዝ ጎት ኤ ካር» ይሆናል። ጎት ሳይኖር ግን አታሳጥሩ። «ሂዝ ኤ ካር» ያላችሁ እንደሆነ «እርሱ መኪና ነው» ተብሎ ይሰማል፤ ሂ ኢዝ ሲያጥርም ድምፁ ያው ነውና።

ልምምድ

ከካርዶቹ ባለንብረትና ንብረት አውጡ። በአንድ ጥንድ ብቻ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ፦ አዎንታ፣ አሉታ፣ ጥያቄ፣ ያለፈ ጊዜ፣ ያለፈ ጊዜ አሉታ። ለምሳሌ ማይ ብራዘር እና ቱ ቡክስ ቢደርሷችሁ፦

«ማይ ብራዘር ሃዝ ቱ ቡክስ።»
«ማይ ብራዘር ደዝንት ሃቭ ቱ ቡክስ።»
«ደዝ ማይ ብራዘር ሃቭ ቱ ቡክስ?»
«ማይ ብራዘር ሃድ ቱ ቡክስ።»
«ማይ ብራዘር ዲድንት ሃቭ ቱ ቡክስ።»

ሃዝ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። አምስቱን ስትናገሩ ድምፃችሁን ቅዱ፤ ከዚያ ስታዳምጡ ከደዝ እና ከዲድ በኋላ ያለውን ቃል ብቻ ተከታተሉ። በምትናገሩበት ሰዓት የማይሰማችሁ «ደዝንት ሃዝ» መልሳችሁ ስታዳምጡ ቶሎ ይሰማችኋል።

ካርዶቹ ሲለመዱላችሁ የሚከተሉትን ሳትጽፉ በቃላችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦

1. እህቴ መኪና የላትም።
2. ጊዜ ነበራችሁ?
3. ቁልፉ ማን ጋ ነው?
4. እናቴ ሦስት ወንድሞች አሏቸው።
5. ምንም ጥያቄ የለንም።
6. ይህ ቦርሳ የእርሷ ነው።
7. ጠረጴዛው ላይ ሁለት መጻሕፍት አሉ።
8. ነገ ስብሰባ ይኖረናል።

መልሶች፦

1. «ማይ ሲስተር ደዝንት ሃቭ ኤ ካር።»
2. «ዲድ ዩ ሃቭ ታይም?»
3. «ሁ ሃዝ ዘ ኪይ?»
4. «ማይ ማዘር ሃዝ ስሪ ብራዘርስ።»
5. «ዊ ዶንት ሃቭ ኤኒ ክዌስችንስ።»
6. «ዚስ ባግ ቢሎንግዝ ቱ ኸር።» «ዚስ ባግ ኢዝ ኸርስ» ቢባልም ትክክል ነው።
7. «ዜር አር ቱ ቡክስ ኦን ዘ ቴብል።»
8. «ዊ ዊል ሃቭ ኤ ሚቲንግ ቱሞሮ።»

1ኛውን ወይም 5ኛውን ከሳታችሁ ወደ ደረጃ 4 ተመለሱ፤ 2ኛውን ወይም 8ኛውን ከሳታችሁ ወደ ደረጃ 6። 3ኛው ላይ ደዝ ጨምራችሁ ከሆነ ደረጃ 5ን፣ 6ኛው ላይ ኢዝ ጨምራችሁ ከሆነ ደረጃ 8ን፣ 7ኛውን በሃቭ ከጀመራችሁ ደረጃ 9ን እንደገና አንብቡ። 4ኛው ላይ ሃቭ ያለ ሰው ግን ከደረጃ 1 እና 2 ሳይወጣ፣ ሁለቱን እስክሪብቶዎች ይዞ፣ አንድ ገጽ ቀስት ይሳል።